የማይከፈል

ግሮኒንገን ጥር ነው፤
ዝናቡ አይወርድም፣ በጎን ነው የሚሄደው፣
የቆመ ብስክሌት አንድ በአንድ እያጋደመው።
ከሒሳብ ክፍሉ፣ ከአምስተኛው ፎቅ መስኮት ሥር፣
ቦዩ መሃል ይታያል የውሃው በር፤
ጀልባ ይገባና ከኋላው ይዘጋል፣
ውሃው ቀስ እያለ ከፍታውን ያጣል፣
የፊቱ ሲከፈት ወደ ማዶ ይወጣል።

ሾውክየ እዚህ መስኮት አቁማ ነው ያስጀመረችኝ፣
ገና በመጣሁ ሰሞን፣ «ቲላይ» እያለችኝ፤
ጥላዬ ማለት ቢከብዳት፣ እኔም ማረም ሰነፍሁ።
«ፈንክሽኑን» አለች፣ «ፊት ለፊት አትግጠመው፣
ሣጥን ነው፣ ክፈተው።
አንድ ነገር ይገባል፣ አንድ ነገር ይወጣል፣
መሃሉ ላይ ግን የገባውን የሚያስታውስ
ዝም ብሎ ተቀምጧል።
እሱ ወደ ፊት ሲሄድ የማይወጣበት ክፍል አለው፣
ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ክፍል አለው፤
ሁለቱ ክፍሎች አንድም ጥግ ካልተጋሩ፣
ቤቱንም አንድ ላይ ሞልተው ካደሩ፣
ፈንክሽኑ ይከፈላል፤ ያ ነው በሩ።»

ተራውን ግን አትንካ፤ ማትሪክስ እንደ ቁጥር አይደለም፣
ፊተኛውን ኋላ ብታደርገው
ጀልባው ያሰብህበት አይደርስም።

አራት ዓመት ከፈልሁ።
አርባውን ለሃያ፣ ሃያውን ለአሥር፣
ደመወዜን ለኪራይ፣ ለባቡር፣
እንቅልፌን ለሁለት፣ ዳቦዬን ለሦስት፤
በመጨረሻም ጻፍሁ፣ በምዕራፍ አራት፦
«ሁሉም ይከፈላል።»
ሬምኮ አነበበልኝና «ያልፋል» አለ፣ «ያልፋል»።
ያን ማታ፣ በሁለተኛው ቢራ፣ አፉ አመለጠው፤
የመጀመሪያው ክረምት፣ ያ ቀይ ማኅተም ያለው
«ያልተከፈለ» የሚል የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ
ድንገት ዝም ያለው፣ ረስተውኝ አልነበረም።
ሾውክየ ናት። ለእኔ እንኳ አልተናገረችም።

ሐሙስ ዕለት ገባሁ፣ ብብቴ ሥር ሁለት ወረቀት፤
ምዕራፉ ከላይ፣ ከታች ፖስታ፣ ሺህ አራት መቶ ዩሮ ያለበት።
አነበበች። መነጽሯን አወለቀች።
ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦
ከላይ ግራ አንድ፣ ከታች ቀኝ አንድ፣ ከታች ግራ ባዶ፣
ከላይ ቀኝ፣ አንድ ሲካፈል ለላምዳ ካሬ፤ ሌላ ምንም አልተጻፈ።
«በል ይህን ክፈልልኝ።»

ሳቅሁ። የሚያስታውሰው ሁለት ብቻ ነው፤
ሁለትን ለሁለት ማካፈል የሚከብደው ማን ነው?
ግማሽ ሰዓት ሞከርሁ። ወደ ፊት ሄድሁ፣ አንድ መሥመር፤
ወደ ኋላ ተመለስሁ፣ ያው መሥመር።
ፊት ለፊት ሊቆሙ የሚገባቸው ሁለቱ
ተደራርበው ተኝተዋል፣ እንደ እጅና ጓንቱ።
«ከውጭ ትርፍ ብጨምርበት?» አልኋት።
«ያኔማ ይከፈላል፤ ግን ባልነበረው ትዝታ ነው።»
«ሁሉም» የምትለዋን ቃሌን በእርሳስ ሰረዘቻት።

ከዚያ ፖስታውን አየች። «ይህስ?»
«የዚያ ክረምት ነው።»
«ሬምኮ አፉ አያርፍም» ብላ
ጠመኔ በነካው ጣቷ ወደ እኔ ገፋችው።

ነገርኋት፤ በእኛ ቋንቋ ዕዳም ይከፈላል፣ እንጀራም ይከፈላል፣
ግሡ አንድ ነው፤
እምቢ ላለው ሁሉ፣ ለዕዳም ለማትሪክስም፣ አንድ ስም አለው።
«ምን?»
ከላምዳው ሥር በፊደል ጻፍሁላት፦ የማይከፈል።
«ማይ… ከ… ፈል» አለች፤ ገለበጠችው፣ ፈን ያለ እግር።
«የግርጌ ማስታወሻ አድርገው» ብላ፣ ካፖርቷን ለብሳ፣
መብራት በሌለው ብስክሌቷ ወደ ዝናቡ ወጣች።

ጠዋት ሰሌዳው ተጠርጓል፤
ጥጉ ላይ ካሬዋ ብቻ ሳትጠፋ ቀርታለች።
ምዕራፍ አራትን ስገልጥ
ፖስታው ከገጾቹ መሃል፣ እንደ ዕልባት፣ ተቀምጧል፤
አልተከፈተም፣
አልተከፈለም።